የመሣሪያ ምርጫ

ጥቅምት 14 ቀን 2004

ጠዋት መብራት የለም። ፍኖተ ሰላም እንደ ልማዷ። ከሰዓት ሲመጣ፣ መሥሪያ ቤታችን ሊሠራው ያሰበውን ግድብ የሚያሳየውን ፕሮግራም በምን መሣሪያ እንደምሠራው አሰብኩ። ኦፕን ጂኤል ወይስ ዳይሬክት ኤክስ? በአንዳቸው ተራራውንም ወንዙንም ኮምፒውተር ላይ በስሪ ዲ ሥዬ አወጣዋለሁ። ገበሬው፣ ግድቡ ሲሞላ ውሃው የት እንደሚደርስ በዓይኑ አይቶ ይወስናል። የአባባ መሬትም እዚያው ነው...

ጥቅምት 19፣ እሁድ

ጅጋ ሄጄ አባባን አየሁ። «መሣሪያ እየመረጥኩ ነው» ስላቸው ደነገጡ።

«ደግሞ ከማን ተጣላህ? ምንሽር ነው ክላሽ?»

የኮምፒውተር ነው ስላቸው ሳቁ። «እሱንም ቢሆን ሳትሞክረው አትታጠቅ።»

ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ የላይኛውን ማሳ እንደሚውጠው ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም። «ውሃ ሽቅብ ይወጣል? እስቲ በዓይኔ ልየው። ያን ጊዜ እንቢ እላለሁ።»

ኅዳር 6

መሣሪያው በአንድ ለአምስት ስብሰባ ተመረጠ። በድምፅ! ሾፌሩና ገንዘብ ያዧ ሳይቀሩ እጅ አወጡ። ሳምሪ፣ አዲሷ ምሩቅ፣ በሁለቱም የሠራችውን ናሙና አሳየች። የዳይሬክት ኤክሱ ውሃ ያብረቀርቃል።

«ለገበሬው የምናሳይበት የመስኩ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ ይህን አይችለውም። ኦፕን ጂኤል መልኩ ባያምርም ይሠራል» አልኩ።

አለቃችን አቶ ወንዳወቅ፣ «የልማት ውሃ ማማር አለበት። አንተ ለምን ሁሌ ከአሮጌው ጋር ትወግናለህ?» አሉኝ። ዳይሬክት ኤክስ አለፈ፤ እኔን ግለሂስ አስደረጉኝ። ላፕቶፑ አሮጌ በመሆኑ ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት ነው...

ጥር 13፣ እሁድ

የነአባባ ቀበሌ አዳራሽ በገበሬ ሞላ። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ፕሮጀክተሩ በራ... ጥቁር። ጥቁር ብቻ። አሮጌው ላፕቶፕ አልቻለውም።

በኦፕን ጂኤል የሠራሁት ያለበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ይኼ ይሠራል፣ ልክፈተው» አልኳቸው አቶ ወንዳወቅን ጠጋ ብዬ።

«በድምፅ የወደቀ ነገር ሕዝብ ፊት አይቀርብም።» ማይኩን ያዙ። «ግድቡን የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

አባባም አወጡ። አባባ!

በሩ ላይ ደረስኩባቸው። «ምነው አባባ? እንቢ እላለሁ ብለው አልነበር?»

«አየሁት እኮ ልጄ። አንዲት ጠብታ ውሃ የለበትም።»

ጥር 15

ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ጅጋ ሄድኩ። ኦፕን ጂኤሉን ከፈትኩላቸው። ውሃው ቀስ እያለ ማሳቸውን ሲሸፍነው በጣታቸው ተከተሉት። ነገ ቀበሌ እንሂድ፣ ድምፅዎን ያንሡ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሰው ፊት ያወጣሁትን እጅ አላጥፍም።»

ተናደድኩ። በሳቸው? በወንዳወቅ? በራሴ? እንጃ።

ነሐሴ 20 ቀን 2005

ግድቡ ሞላ። ከአባባ ጋር የላይኛው ማሳ ዳር ቆምን። የበቆሎው ጫፍ ብቻ ይታያል። ፀሐይ ወጣ ስትል ውሃው አብረቀረቀ፤ ልክ እንደ ሳምሪ ናሙና። ይህን ያህል ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አንገበገበኝ።

አባባ በትራቸውን ነክረው ጥልቀቱን ለኩ። በትሩን አወጡና የሚንጠባጠበውን ውሃ ትንሽ አዩት።

«አሁን ገና መሣሪያህ ሠራ፣ ልጄ» አሉኝ።