ውሃው እንደ እኔ ይሸታል

ፕሉጋስቴል፣ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል

ለተንኮለኛዋ የወንድሜ ልጅ፣ ለአዜኖር፤

እንዴት ሰነበትሽ? ታዝማኒያ ድረስ ሄደሽ የሰው ወይን ስትጠብቂ ብርዱ እንዳይጎዳሽ። እኔ ግን ተበድያለሁ። አባትሽ ስለ ሽታዬ መናገር ትቷል! ከጀልባዬ ወርጄ ደጁ በደረስኩ ቁጥር «ጉልቬን፣ ቦቲህን ከውጭ! ከተቻለም አንተም ከውጭ!» ይል የነበረ ሰው፣ ዘንድሮ የባህር አረም እያንጠባጠብኩ ስገባ ወንበር ይስብልኛል። ሰው በገዛ ወንድሙ እንዲህ ይናቃል?

ነገሩ ስላላማረኝ አንድ ማለዳ በአጥሩ ላይ አጮለቅኩ። መርጫውን በጀርባው አዝሎ በእንጆሪው መደብ መካከል እንደ ሌባ ይሽሎከለካል።

«ታንጊ! ምን እየረጨህ ነው?»

«ውሃ ነው።»

«ታዲያ ውሃህ ለምን እንደ እኔ ይሸታል?»

ፊቱ ከእንጆሪው ብሶ ቀላ። «ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ! ለልጅቷ እንዳትጽፍ!»

«እኔ? በጭራሽ!» አልኩት። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

አዎ፣ አንቺንና አባትሽን ያኳረፋችሁ፣ ያ ከባህር አረም ተጨምቆ ቅጠል ላይ የሚረጨው ነገርሽ ነው። «የባህር አረም ማዳበሪያ ሆኖ ከሥር ነው የሚጣለው፤ አያቶቻችንም ያደረጉት እንዲያ ነው። ላልታመመ ቅጠል ማን መድኃኒት ይሰጣል?» እያለ፣ ግራጫው ሻጋታ በዓይኑ እስኪታየው ጠብቆ የአምናውን ምርት ጉድጓድ ቀበረው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ «ዘንድሮም ከሻገተ መሬቱን ለቤት ሠሪዎቹ እሸጣለሁ፤ የምተውለትስ ማን አለኝ?» ብሎ ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ እስካሁን ደብቄሽ ነበር።

እዚህ ገና ብርድ ሳለ ግን በራሴ ቋንቋ አስረዳሁት። «ወደብ ላይ ‹የተቆጣጣሪዎቹ ጀልባ መጣ!› ብዬ ስጮህ ሁሉም ላይፍ ጃኬቱን ይለብሳል። ጀልባው የለም፤ ጃኬቱ ግን ተለብሷል። የልጅህም ነገር ይኸው ነው። ሻጋታውን አይገድልም፤ ቅጠሉን ‹መጣብህ!› ብሎ ያስደነግጠዋል፣ ቅጠሉም በሩን ይቀረቅራል። ተቆጣጣሪው ከደረሰ በኋላ ብጮህ ምን ይጠቅማል?»

«መቼም ከመዋሸት ሌላ ሙያ የለህ» ብሎኝ ሄደ። ለካ እየሰማኝ ኖሯል።

ከዚያ ግንቦትን ሙሉ ዘነበ። አባትሽ ምግብ አስጠላው፤ ቅጠል እየገለጠ ሲያይ ይውላል። አልዋሽሽም፣ አንዳንዱ ፍሬ ግራጫ ጠጉር አብቅሏል። የቀረው ግን ቀይ፣ ጠንካራ፣ ጥርስ የሚያስደስት ነው።

ሐሙስ ዕለት የቤት ሠሪዎቹ ሰውዬ መጣ። እኔ እንደ አጋጣሚ ከአጥሩ ጀርባ ነበርኩ (አትሳቂ)። አባትሽ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«የመሬቱ ባለቤት እዚህ የለችም። ስትመጣ እሷን ጠይቃት።»

ይህን ለአንቺ አይነግርሽም፤ አንቺም ከእኔ አልሰማሽም። በይ፣ ባህሩ ይለዝብልሽ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የመመለሻሽን ነፋስ እግዜር...

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ራሱ ነው! ከሄድሽ ጀምሮ ደጄን ረግጦ የማያውቀው ሰው፣ እንጆሪ የሞላ ቅርጫት ይዞ ቦቲውን ከውጭ እያወለቀ ነው። እኔ ቤት! ወረቀቱን የምሸሽግበት አጣሁ።

«አልጽፍም አላልክም?»

«ብዬ ነበር።»

ቅርጫቱን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከወረቀቱ ግርጌ ቦታ ተርፏል?»

አጎትሽ ጉልቬን ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ጽሕፈት የእኔ አይደለም።