ስምንት በአሥራ ሁለት ሜትር

ሰኞ፣ የካቲት 3
ነፋስ። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁት። አርባ ሁለት በሠላሳ አንድ። ያው ነው። ለምን እንደምደጋግመው እንጃ።

ስመለስ ልጆቹ ከቆመ ሲኖትራክ ሥር ኳሳቸውን ያወጣሉ። ጮህኩባቸው። ሾፌሮቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ እስኪደርሳቸው እዚሁ ነው የሚያቆሙት፤ ልጆቹም ሌላ መጫወቻ የላቸውም። አንድ ቀን ሞተሩ ቢነሳስ?...

ከሰዓት ሃዊ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ናት፤ አሁን ልማት ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። መናፈሻ ለሌላቸው ሰፈሮች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ አለ። ቀበሌው መሬቱን ፈቅዷል። የቀረው ፕላን ነው፣ ከሰማንያ አራት ቤት የሃምሳ ስድስቱ ፊርማም። "እስከ የካቲት 21 ብቻ ነው ቲቸር።"

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ፕላኑ አለቀ። ሃያ ስድስት የኒም ዛፍ፣ አራት አራት ሜትር ተራርቆ። አሥር አግዳሚ ወንበር። የልጆች ሜዳ ከአስፋልቱ ርቆ። ሦስቱን ቀድጄ አራተኛው ንጹሕ ወጣ።
ፊርማ ግን አሥራ ዘጠኝ። ለምን?

እሑድ፣ የካቲት 9
የዕድር ስብሰባ ላይ ዘረጋሁት። ሰብሳቢው አቶ ጉደታ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። "ቆንጆ ነው ቲቸር። በጣም ቆንጆ ነው።" አጥፈው መለሱልኝ። አልፈረሙም። ሌላውም እሳቸውን እያየ... "እናስብበት።" እምቢ የሚለኝ ቢገኝ ይሻል ነበር። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
አላስችል አለኝ። አቶ ጉደታ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።
"አካም ቲቸር! ባዶ እጅዎን ምን ሊያስፈጩ መጡ?"
"እርስዎን።"
ሳቁ። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ። "እኔ ስሞት ድንኳኔን የት ሊተክሉልኝ ነው? ዛፍ ላይ?"
ከቀሚሴ ላይ ዱቄቱን አራገፍኩ።
"የዕድሩ ድንኳን ስምንት በአሥራ ሁለት ነው። ሌላ ሜዳ የለንም። የጋሽ ይትባረክንስ የት ነበር የተከልነው?"

ይትባረክ። ባሌ። ሦስት ቀን እዚያ ተቀምጫለሁ። ሦስት ጊዜ ለክቼው ትዝ አላለኝም... ቤት ገብቼ ፕላኑን አየሁ። ልክ እዚያ ላይ ስድስት ዛፍ ደርድሬያለሁ። መርሳት ነው? ወይስ ማንም ዳግመኛ እዚያ ድንኳን እንዳይተክል?
አላውቅም። ...አውቃለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 14
የፕላኑን መሀል አጠፋሁት። ዛፉ ሃያ ቀረ። ሃዊ ደነገጠች። "ዛፍ እኮ በቁጥር ነጥብ አለው! ለባዶ መሬት ማን ብር ይሰጣል? ወረቀቱ ላይ ይኑሩ፣ ስንተክል እንተዋቸዋለን።"
"ፈተና ላይ ስትኮርጂ የያዝኩሽ ዕለት ስንት ሰጠሁሽ?"
"ዜሮ። እስካሁን ያመኛል።"
መሀሉ ባዶ እንደሆነ ይላካል። ግን እሷም እውነቷን ነው። በዚህ ምክንያት ብንወድቅስ? ልጆቹስ? ግቢውን ዞርኩ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 21
ሰባ አንድ ፊርማ። ሃያኛው የአቶ ጉደታ ነው፣ ባዶውን አይተው ፈረሙ፤ ከእሳቸው በኋላ በሁለት ቀን ሞላ። "ባዶውን ሁለገብ ሜዳ ይበሉት" አለች ሃዊ። እኔ የጻፍኩት፦ ሰው ሲሞትብን የምንቀመጥበት። ቅጹ ገባ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ብሩን የሚሰጠው ድርጅት ሰው፣ አቶ ማናሴ፣ መሬቱን ሊያዩ መጡ። ዛሬ! እትዬ አበዛሽ ትናንት አርፈው ድንኳኑ ተተክሏል። ሜትር ይዘው ቆሙ። "ቅጹ ላይ ያለው ይኼ ነው?" "ነው።" ሜትሩን ኪሳቸው ከተው ገብተው ተቀመጡ። አቶ ጉደታ ንፍሮ ሰጧቸው። ምንም አልጻፉም። ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?
እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። ከይትባረክ ወዲህ ድንኳን ውስጥ አልገባም።

እሑድ፣ ሰኔ 8
ድጋፉ ተፈቅዶ ዛሬ ሃያውን ጉድጓድ ቆፈርን። አንዱ በስንዝር ስቶ ነበር፤ አስደፍኜ አስቆፈርኩት። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ከመኪኖቹ መሀል መጥተዋል፤ ሜዳቸው ሳያልቅ ተጣልተውበታል።
አቶ ጉደታ መሀሉ ላይ ቆሙ። "የኔ ቦታ ይኼ ነው ማለት ነው?"
"ነው። ግን አይቸኩሉ። ኒሙ ጥላ እስኪሰጥ ስድስት ዓመት ይፈልጋል።"
በጣታቸው ቆጠሩ። "እሺ ቲቸር። በፀሐይማ ሰው አላስቀምጥም።"
ሰው ሲበተን እዚያው፣ ያኔ በነበርኩበት ቦታ፣ ተቀመጥኩ። ነፋሱ አቧራውን አመጣብኝ። አልተነሳሁም።