ግማሽ ጢም

ውድ ችኩሌ፣

ይህን ቆመሽ አንብቢው፤ ጫማሽንም አድርጊ። ስልክሽን ባትዘጊው ኖሮ በደወልኩልሽ ነበር። በመስታወቱ እያየኝ ስለሆነ እየሳቅኩ ነው የምጽፍልሽ።

የቀድሞ ባልሽ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። አንድ ጉንጩ ተላጭቷል፣ ሌላው አረፋ እንደተቀባ ነው።

ክንድሽን ሰብሮብሽ ካመለጥሽው ወዲህ በየቀኑ ጸጉር ቤቴ እየመጣ ጥግ ይይዛል። ባባርረው መንገድ ማዶ ይቆማል። ከዓይኔ ከሚርቅ ይሻላል ብዬ ተውኩት። "አይ ዌይት ሀር" ይለኛል፤ "እጠብቃታለሁ" ማለቱ ነው። "'ፎር' ጎደለህ" እለዋለሁ። ፈገግ ይላል። ጨዋ ነው፤ ያስፈራኝም ጨዋነቱ ነው።

በየሳምንቱ መስታወቱ ላይ የምለጥፈውን የእንግሊዝኛ ግሥ ታውቂያለሽ፤ በልጅነትሽ ስንቱን አሸምድጄሻለሁ! ሰውዬውን ላናድደው ብዬ ዛሬ "ዌይት"ን ለጠፍኩ። ለደንበኞቼ "መጠበቅ ነው፤ ምግብ ቤት የሚያስተናግድህም 'ዌይተር' የተባለው ከዚሁ ነው" አልኳቸው። "ግን ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲመጣ እንዲህ ሰላማዊ አልነበረም። ነቅቶ ማየት ነበር። እንግሊዞቹም መጀመሪያ ለማጥቃት ማድፈጥን ይሉበት ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። እሱ ከጥጉ ተነስቶ መላጫ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ጥርት አድርገው ይላጩኝ።"

"ሰርግ አለብህ እንዴ?"

"መንገድ አለብኝ። መጠበቅ በቃኝ።"

ያለሽበትን ከተማ ጠራልኝ። ሰፈሩን ጭምር። ችኩሌ፣ በእናትሽ ስም፣ ከእኔ አፍ አልወጣም።

ወደ አንቺ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ አስር ሰዓት ላይ ይነሳል። አንዱን ጉንጭ ላጨሁና "ምላጭ አለቀብኝ፤ በር ላይ የቆመው ባለታክሲ እንዲያመጣልኝ ዓይነቱን ልጻፍለት" አልኩት። የምጽፈው ይህንን ነው።

"ለአንድ ምላጭ ይህን ሁሉ ወረቀት?" አለኝ አሁን።

"የትውልድ ሐረጉን እየጨመርኩበት ነው" አልኩት። አልሳቀም።

ባለታክሲው የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይደርስልሻል፤ እመኚው። ምንም ሳትሰበስቢ አብረሽው ውጪ። የት እንደሚያደርስሽ ለእኔም አትንገሪኝ፤ የማላውቀውን ማንም ከእኔ አያወጣም።

ሰውዬው ተነሳ። ፎጣውን ከአንገቱ እየፈታ ነው። ወረቀቱን ለባለታክሲው አቀብዬ በሩን እቆልፈዋለሁ።

ከውስጥ በኩል።

የሚወድሽ አጎትሽ