የአተሩ ማሳ እርግቦች

ውድ ወንድሜ ሮውላንድ፣ በሩቁ ኒውዚላንድ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እዚህ ሊንከንሺር፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የዱር እርግቦች አተራችንን ሊጨርሱት ነው። አባዬ ለማንም የማያስነካውን ጠመንጃ «እንኪ፣ መተኮስ ተማሪ» ብሎ ሰጠኝ። ለማታለያ የእንጨት እርግቦች ማሳው ላይ ደርድሬ አጥሩ ሥር ተደበቅን። ወዲያው «አረፉልሽ! ተኩሺ እንጂ፣ ምን ያፈዝዝሻል?» አለኝ።

«አባዬ፣ የእንጨቶቹ እኮ ናቸው!»

ዓይኖቹን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ሳቀና «ስፈትንሽ ነው» አለ። እውነተኞቹ ሲመጡ ግን የክንፋቸውን ድምፅ ከእኔ ቀድሞ ሰማ። ደጋግሜ ስቼ በመጨረሻ አንዷን ጣልኩ። «ወንድምሽ እንኳ እንዲህ ቶሎ አልለመደም!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን እንደያዘ ነበር።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። ከቻልክ ግን አሁኑኑ ና፤ አባዬ ፊትህን ለይቶ ማየት እየቻለ ቢያይህ ደስ ይለዋል።

በሰላም ያገናኘን፤
እህትህ ሄስተር