የተጣለችው «ማታ»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ዝናብ። ክሊኒኩ በማታም መሥራት ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ። ለበሽተኞች የቀጠሮ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም የእኔ ነው፤ እስካሁን ሰላም ነው። ሻዬ ሁለቴ ቀዘቀዘብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ጠዋት ስገባ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ሥራ ልብስ ስፌት ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የባለቤታቸው ዓይኖች በፋሻ ተሸፍነዋል። ማታ ስወጣም እዚያው... ስልካቸው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ይላል፤ መዝገቡ ደግሞ «1:00 ማታ»። ቤታቸው ሩቅ ነው፣ ሄደው መመለስ አልቻሉም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ!
ኃላፊያችን ቀጠሮ የምትመዘግበውን የካርድ ክፍሏን ሴትዮ ሰው ፊት ጮኹባት። «ተሳስተሽ መዝግበሽ፣ በኋላ ደብቀሽ አስተካከልሽው!»
«ኧረ በፈጠረዎት! አልነካሁትም።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧት። የፕሮግራሜን ኮድ ከፍቼ አየሁ። ሰዓቱንና ደቂቃውን ብቻ ያነባል። ከኋላ ያለችውን «ማታ» ጥሏት ያልፍና ሁሉንም የቀን አድርጎ ይልካል። ያኔ የማታ ቀጠሮ አልነበረማ። የጻፍኩት እኔው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ለኃላፊው ነገርኳቸው።
«አስተካክለውና ዝም በል። ደብዳቤው ወጥቷል።»
«ሴትዮዋስ?»
«ትረሳዋለች።»
እውነቱን ለመናገር እስከ ምሳ ድረስ እንዳሉኝ አደረግኩ። ከዚያ ካርድ ክፍል ወረድኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት፣ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ።
ትክ ብላ አየችኝ። «ራሴን ተጠራጠርኩ እኮ። እጄ ይሆን እንዴ እያልኩ...»
ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለኃላፊው በጽሑፍም አስገባሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ደብዳቤው ተነሣላት። ለልብስ ሰፊው ደወልኩላቸው። ይቅርታ ስል ሳቁ።
«ምንም አይደል ልጄ። እሷ ግን ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ቀኑን ሙሉ ‹ደረሰ ወይ?› እያለች ስትጠይቀኝ... እሱ ነው ያንገበገበኝ።»


ዓርብ፣ ኅዳር 13
ፕሮግራሙ ተስተካክሏል። ከእንግዲህ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ሳታየው አንድም አዲስ መልእክት አይወጣም፤ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይሄን እናቴ ብታነበው አይገባትም» እያለች ከአራቱ መልእክቶች ሦስቱን መለሰችብኝ። ሁለቱን አስተካከልኩ። በሦስተኛው ገና እየተከራከርን ነው።