ፋይሌን ለናሙና ስለመረጡልኝ

ለተከበሩ የሕክምና ዕቃዎች ማስገቢያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ደረጃ ሲወጡ ሳያርፉ፣ ሌሊት ሲተኙ ሳይታፈኑ፣ አየሩን እንደ ልብዎ ስበው ለመኖር ያብቃዎት። እኔ የተበላሹ የሕክምና መሣሪያዎችን የምጠግን ሰው ነኝ። እትዬ እያልኩ የምጠራት፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ሳንባዋ ደክሞ በኦክስጅን መሣሪያ ትኖር ነበር። የመሣሪያው አየር መግፊያ ኮምፕሬሰር ሲቃጠል አዲስ ከውጭ አስመጣሁ፤ ዕቃው መጋዘን ገባ፤ የቀረው የእርስዎ ቢሮ አንዲት ፊርማ ብቻ ነበር። ደንባችሁ ሦስት ቀን ይላል። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በአራተኛው ቀን ስመጣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፊቷ በርቶ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ፋይልዎ ተመርጧል» ስትለኝ፣ የዋህ ነኝና የተፈረመልኝ መስሎኝ እጇን ልስም ምንም አልቀረኝም። ለካ የተመረጠው መሥሪያ ቤትዎ ስለ አገልግሎት መዘግየት መንስኤዎች ለሚያስጠናው ጥናት ናሙና እንዲሆን ኖሯል። ናሙና ደግሞ አይነካም፤ ከተነካ ውጤቱ ይዛባል ተባልኩ። ስለዚህ ፋይሌ ቀይ ክር ታስሮበት ከሌሎች አሥራ አንድ ፋይሎች ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ስንት ቀን እንደሚቆይ ለመለካት መቆየት ነበረበት። ለዚህ ጥንቃቄ ያለኝን አድናቆት አልደብቅም።

2ኛ. የላኩልኝ አጥኚ ጨዋ ሰው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ እግሩ በወለቀው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ስድሳ አራት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሃያ ሰባተኛው «አገልግሎቱን ሲጠብቁ ምን ይሰማዎታል?» የሚል ሲሆን አምስት ምርጫ ነበረው። እኔ ግን እህቴ ትንፋሽ እያጠራት መሆኑን፣ በኦክስጅን ሲሊንደር እያብቃቃን መሆኑን ነግሬ፣ በፈጠረዎ ይሁንብዎ ቁም ሣጥኑን ያስከፍቱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ሌላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና ሳይደርስ እትዬ አረፈች። እኔ በዚያ ሰዓት በእርስዎ ደጅ ተሰልፌ ነበር። ራሴን ይቅር አላልኩም፤ እርስዎንም እንደዚሁ።

3ኛ. ከቀብሯ በስምንተኛው ቀን በጥናቱ ማቅረቢያ ስብሰባ ላይ በክብር እንግድነት ስለጠሩኝ፣ ከፊት ረድፍ ስላስቀመጡኝና የታሸገ ውሃ ስላቀረቡልኝ ውለታዎ አለብኝ። የፋይሌ ፎቶ ክሩ እንደታሰረ ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። የቆየበት ጊዜ፦ አርባ አንድ ቀን። መንስኤ፦ የባለጉዳዩ ክትትል ማነስ። ደጅዎን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ረግጫለሁ፤ በመጨረሻ ጥበቃው ራሱ ሳይፈትሸኝ ያስገባኝ ነበር። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔም ሳላውቀው አጨበጨብኩ። የእኔ ፋይል ተለክቶ ስላበቃ ክሩ ተፈትቶ ተፈረመልኝ፤ የቀሩት አሥራ አንዱ ግን ለሁለተኛው ዙር ጥናት እዚያው እንዲቆዩ ተወሰነ።

ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚያን አሥራ አንድ ፋይሎች ዛሬውኑ ያስወጧቸው። የማን እህት፣ የማን አባት እንደሚጠብቃቸው እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ እስክሪብቶዎም ሳይቸኩል ረጅም ዘመን እንዲኖሩ ከልብ የምመኝ፣ በሁሉም ነገር ታዛዥዎ፣

የናሙና ቁጥር ሰባት ባለጉዳይ

ማስታወሻ፦ ኮምፕሬሰሩን ተረክቤ ገጠምኩት፤ በደንብ ይሠራል። ከእኛ ሰፈር ማዶ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ሕመማቸው እንደ እትዬ መሆኑን ስለሰማሁ መሣሪያውን ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ከቤቴ ወጥቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ሶኬቱን ሰክቼ፣ ትንፋሻቸው እስኪረጋ ድረስ በጠቅላላው ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ለሁለተኛው ዙር ማነጻጸሪያ ይሆንዎት ይሆናል።