ጥላሸት የተቀባው ንጉሥ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ሉሊት፣

አንቺም፣ ባለቤትሽ ኦጁሉም፣ ገና ያላቀፍኳት የልጅ ልጄም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ እሑድ ዕለት የሆነውን ግን ልንገርሽ።

ወንዳፍራሽ የሚባል የማኅበራችን ሰው አንድ የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም አግኝቶ፣ «የኛ ንጉሥ ያለበት!» እያለ የፌርፋክስን ሐበሻ ሁሉ አዳረሰው። ሳናየው አመንን። እትዬ የሺሃረግ ምግብ ቤት የሀገር ልብስ ለብሰን ተኮለኮልን። እኔማ የድሮ ተዋናይ ተብዬ ንጉሡን ሆኖ ስለሚጫወተው ሰውዬ ንግግር አደረግሁ። ሴድሪክ ሃልወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በሰባት ዓመቱ ለንደን መድረክ ላይ የወጣ፣ ከቲያትር ቡድን ጋር በመርከብ ዓለምን የዞረ፣ በመጨረሻም እዚህ መጥቶ ስድሳ ፊልም የሠራ። «የሙያ አባታችን» ብዬ አስጨበጨብኩለት። አፌን ቁርጥ ያድርገው!

ፊልሙ ሲጀመር ንጉሥ ተብዬው ሃልወርዝ ፊቱን ጥላሸት ተለቅልቆ፣ ዓይኑን እያጉረጠረጠ ዶሮ ያባርራል። ዘውዱ የድስት ክዳን ነው። ቆሻሻ!

«አጥፋው!» ብዬ ተነሳሁ።

«ጋሼ ሕዝቅያስ፣ ሪላክስ ያድርጉ፤ ኦልድ ፊልም እኮ ነው» አለኝ ወንዳፍራሽ።

«ይሄ ሰውዬ ትንሽ አያፍርም?»

እትዬ የሺሃረግ ሳህን እየሰበሰቡ፣ «አንተስ መድረክ ላይ ከሰል ተቀብተህ፣ ባሪያ ሆነህ ስታስቀን አልነበር?» አሉኝ። ለነገር አልነበረም፤ ትዝ ብሏቸው ነው።

ሠላሳ ዓመት የኮራሁበት ሚና ነው። ከሰሉን በቫዝሊን ለውሼ የምቀባው ራሴ ነበርኩ። አማርኛውን ስሰባብረው አዳራሹ በሳቅ ያብዳል፤ አንቺም ከፊት ወንበር ሆነሽ ትስቂ ነበር። ሃልወርዝን የተጠየፍኩትን ያህል ራሴን ተጠየፍኩት።

ከሰርግሽ የቀረሁት ከሥራ ፈቃድ አጥቼ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ኦጁሉ መጀመሪያ በስልክ ያናገረኝ ቀን፣ «ጋሼ፣ ከጋምቤላ መጥቼ አዲስ አበባ ስማር ቲያትርዎን አይቻለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ፣ «ታዲያ አሳቅኩህ?» አልኩት። «የክፍሌ ልጆች ስቀዋል። ትምህርቴን እስክጨርስ እርስዎ በተጫወቱት ባሪያ ስም ነበር የሚጠሩኝ» አለኝ። ደፋር ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት፤ ከሰርጋችሁም የቀረሁት በዚያ ቂም ነው። እሱ ይህንን እንዳልነገረሽ አውቃለሁ፤ ነግሮሽ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ አትደውዪልኝም ነበር።

ለፋሲካ እናንተ ጋ ልምጣ? አንቺ አትመልሺልኝ፤ እሱን ጠይቂልኝ። እምቢ ቢል አልቀየምም።

ልጅሽን የሚስቅባት አይግጠማት።

አባትሽ ሕዝቅያስ